አኩፓንክቸር ለጀማሪ፦ ነጥቦቹን በራሳችሁ ጣት እንዴት እንደምታገኙ፣ መርፌው ጋ ስትሄዱ ደግሞ ምን እንደምታደርጉ

ወደዚህ ነገር ያስገባኝ ወገቤ ነው። ቀኑን ሙሉ መኪና ውስጥ ነው የምሰራው፣ ማታ ስወርድ ቀጥ ብዬ ለመቆም ጊዜ ይፈጅብኝ ነበር፣ የህመም ማስታገሻው ደግሞ ጨጓራዬን እያቃጠለኝ መጣ፣ በመጨረሻ አንድ የስራ ጓደኛዬ እየጎተተ አኩፓንክቸር (ቀጫጭን መርፌ ሰውነት ላይ እየተወጋ የሚሰጥ የቻይና ህክምና) ክሊኒክ ወሰደኝ። እማዬ በስልክ ስነግራት «ዋግምት ነው እንዴ?» አለችኝ። አይደለም፣ ግን በጣምም አልራቀችም፣ ብዙዎቹ የቻይና ህክምና ክሊኒኮች ጀርባ ላይ ብርጭቆ እያጣበቁ ቆዳውን የሚስቡበት ከዋግምት ጋር የሚመሳሰል ስራም ይሰራሉ፣ አብዛኛውን ጊዜ ደም ሳያወጡ። 2016 ሪዮ ኦሎምፒክ ላይ ዋናተኛው ማይክል ፌልፕስ ሰውነቱ ላይ የታዩት ክብ ክብ ምልክቶች የዚሁ ስራ ውጤት ነበሩ።

ከዛ በኋላ ነገሩ ያዘኝ። ሳነብ፣ ባለሙያዎቹን ስጠይቅ፣ በራሴ እጅና እግር ላይ ነጥብ ስፈልግ ብዙ ጊዜ ቆየሁ። ሐኪም አይደለሁም። ይሄንን የምጽፈው እቤት መርፌ ገዝታችሁ እንድትወጉ አይደለም፣ እባካችሁ እሱን እንዳትሞክሩት፣ ለምን እንደሆነ ታች እነግራችኋለሁ። ግን መርፌ የሚገባባቸውን ቦታዎች በጣት መጫን ማንም ሰው ሊማረው ይችላል፣ መለኪያውም የራሳችሁ ጣት ነው። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው።)

ሐሳቡ ምንድነው

ቻይናዎች ራሳቸው «ጀንጂዩ» ነው የሚሉት። ጀን መርፌ ነው፣ ጂዩ ደግሞ የደረቀ ቅጠል እያጨሱ ነጥቡን ማሞቅ፣ ስለዚህ ከጥንትም መርፌ ብቻውን አልነበረም። ቅጠሉ የኛ አሪቲና ጭቁኝ ዘመድ ነው፣ ሲጨስ ሽታው ክፍሉን ይሞላዋል። በጋለ ብረት መተኮስ ከሚባለው የኛ ነገር ጋር እንዳታምታቱት፣ ዛሬ ክሊኒክ ውስጥ በብዛት የሚሰራው ቆዳውን ሳይነካ ከላይ በማሞቅ ነው። ሁለቱንም ዩኔስኮ በ2010 በዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቷቸዋል።

በነሱ አስተሳሰብ ሰውነት ውስጥ «ቺ» የሚባል ነገር ይዘዋወራል። ኃይል ብለው የሚተረጉሙት አሉ፣ እስትንፋስ የሚሉትም አሉ፣ በድሮው አጻጻፍ ፊደሉ ውስጥ እንፋሎትና ሩዝ አሉ፣ ለኔ ድስት ሲከፈት የሚወጣው እንፋሎት ነው የሚታየኝ። ቺ የሚሄድባቸው 12 ዋና መስመሮች አሉ፣ እያንዳንዱ በአንድ የውስጥ አካል ስም ነው የሚጠራው፣ የሳንባ፣ የትልቁ አንጀት፣ የጨጓራ፣ የጣፊያ፣ የልብ እያለ ይቀጥላል። በሰውነት መሃል ለመሃል ከፊትና ከኋላ ያሉ 2 ሲጨመሩ 14 ይሆናሉ፣ በነዚህ ላይ 361 ነጥቦች ተቆጥረዋል። ዪንና ያንግ የሚባለውም ሲጀመር ቀላል ነገር ነው፣ ዪን የተራራው ጥላ ያለበት ጎን ነው፣ ያንግ ፀሐይ የሚመታው ጎን ነው፣ ከዛ ተነስተው ቀዝቃዛና ሙቅ፣ ውስጥና ውጭ፣ እረፍትና እንቅስቃሴ እያሉ በሽታን ይመድባሉ።

እኔን በጣም የማረከኝ ግን የውሃ ቋንቋቸው ነው። ከጣት ጫፍ ተነስቶ እስከ ክርን ወይም እስከ ጉልበት ባለው ርቀት በእያንዳንዱ መስመር ላይ 5 ነጥቦችን ለይተው ጉድጓድ፣ ምንጭ፣ ጅረት፣ ወንዝ፣ ባህር እያሉ ይጠሯቸዋል። መስኖ ያየ ሰው ወዲያው ይገባዋል፣ ቦዩ አንድ ቦታ ከተዘጋ ከላይ ይጠራቀማል ከታች ይደርቃል፣ ህመም ማለት በነሱ አባባል ያልፈሰሰ ነገር ነው። ስለዚህ ሐኪሙ የሚያምህን ቦታ ትቶ ራቅ ያለ ቦታ ላይ ሊወጋ ይችላል። እኔ ወገቤን ብዬ ሄጄ ከጉልበቴ ጀርባ ሲወጋኝ ተሳስቶ መስሎኝ ነበር። ግን የፊኛ መስመር የሚባለው፣ 67 ነጥብ ያለው ከሁሉም ረጅሙ፣ ከዓይን ጥግ ተነስቶ አናት ላይ ያልፍና በአከርካሪ ግራና ቀኝ ወርዶ፣ በጉልበት ጀርባ አድርጎ ትንሿ የእግር ጣት ላይ ነው የሚያበቃው። በዚሁ ሂሳብ የጥርስ ህመም ላይ እጅ ይያዛል ምክንያቱም የትልቁ አንጀት መስመር ከሌባ ጣት ተነስቶ አፍንጫ አጠገብ ይደርሳል፣ ለሆድ ደግሞ ቅልጥም ይያዛል ምክንያቱም የጨጓራ መስመር ከዓይን ስር በሆድ አድርጎ በእግር በኩል ይወርዳል። ይቺን ከያዛችሁ ግማሹን ይዛችኋል፣ ነጥቦቹን በቃል መሸምደድ ብቻውን የትም አያደርስም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ ልበል፣ አስከሬን ተከፍቶ ሲታይ እነዚህ መስመሮች እንደ ደም ስር ወይም እንደ ነርቭ የሚታዩ ቧንቧዎች አይደሉም። የሚታይ ቱቦ የለም። ጥንት ሰዎች ምን ቦታ ሲነካ ምን እንደሚሰማ እያስተዋሉ የሰሩት ንድፍ አድርጋችሁ ብትወስዱት ይሻላል፣ እኔ እንደዛ ነው የምይዘው።

በጣት መለካት

ሀገራችን በስንዝርና በክንድ እንደምንለካው እነሱ «ጹን» የሚባል መለኪያ አላቸው። ልዩነቱ መለኪያው የሚታከመው ሰው የራሱ ጣት መሆኑ ነው፣ የልጃችሁን ነጥብ የምትፈልጉ ከሆነ በልጃችሁ ጣት ነው የምትለኩት፣ በናንተ ጣት ከለካችሁ ቦታውን ትስታላችሁ። የአውራ ጣት ስፋት በአንጓው ላይ 1 ጹን ነው። ሌባ ጣትና መሃል ጣት ተጣብቀው 1.5 ጹን። አራቱ ጣቶች ተጣብቀው በመሃለኛው አንጓ ላይ ሲለኩ 3 ጹን፣ እሱም በኛ አንድ ጋት የምንለው ነው።

ከለካችሁ በኋላ ግን እዛው ላይ ዝም ብላችሁ አትጫኑ። ልኬቱ ሰፈሩን ነው የሚያሳያችሁ፣ ቤቱን የሚያገኘው የጣታችሁ ጫፍ ነው። ነጥቦቹ ብዙ ጊዜ ጎድጎድ ያለ ቦታ ላይ ናቸው፣ በአጥንትና በጅማት መሃል ወይም በሁለት ጡንቻ መሃል፣ ጣታችሁን ቀስ እያላችሁ አንሸራቱት፣ ገባ የሚልበትና ከአካባቢው ለየት አድርጎ የሚያምበት ቦታ ላይ ቁሙ። ድሮም ትልቁ ጉዳይ ይሄው ነበር፣ ቻይና ውስጥ በሶንግ ነገሥታት ዘመን በ1027 ዋንግ ዌይዪ የተባለ ሐኪም ሰው የሚያክሉ 2 የነሐስ ሐውልቶች አሰርቶ ነጥቦቹ ላይ ቀዳዳ እንዲደረግባቸው አድርጓል፣ ለፈተና ሐውልቱ በሰም ይለበጥና ውስጡ ፈሳሽ ይሞላል ይባላል፣ ተማሪው ትክክለኛውን ቦታ ከወጋ ፈሳሹ ይወጣል፣ ከሳተ መርፌው አይገባም።

አጫጫኑ፦ ተቀመጡ፣ ትከሻችሁን አዝናኑ፣ በአውራ ጣት ጫፍ ቀስ እያላችሁ እየጠነከራችሁ ግቡ፣ ከዛ ትንሽ ትንሽ እያዞራችሁ 2 ወይም 3 ደቂቃ፣ ቀጥሎ ሌላኛው ጎን። ሊሰማችሁ የሚገባው የሚወጋ ህመም አይደለም፣ ድፍን ያለ፣ የሚከብድ፣ አንዳንዴ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች የሚሄድ ስሜት ነው። እነሱ «ደ ቺ» ይሉታል፣ ቺ መጣ እንደማለት ነው፣ መርፌ ሲወጋም የሚፈለገው ይሄው ስሜት ነው። ቆዳው የቆሰለ፣ ያበጠ ወይም የተቃጠለ ቦታ ላይ አትጫኑ።

ከየትኞቹ ልጀምር ለሚል

ኔይጓን። ለማቅለሽለሽ የሚያዘው ነው፣ ከሁሉም ነጥቦች ብዙ የተጠና እሱ ይመስለኛል፣ ለመርከብና ለመኪና ጉዞ የሚሸጡት ኳስ ያላቸው የእጅ ባንዶች የሚጫኑት ይሄንኑ ነው። መዳፋችሁን ወደ ላይ አዙሩ፣ የሌላኛውን እጅ 3 ጣቶች (ሌባ፣ መሃልና ቀለበት) የእጅ አንጓ ላይ አጋድማችሁ ደርድሩ፣ የቀለበት ጣቱ የአንጓው እጥፋት ላይ ይሁን፣ ሌባ ጣቱ ያረፈበት ጠርዝ ላይ በ2 ጅማቶች መሃል ነው ያለው። ጅማቶቹ እንዲወጡላችሁ እጃችሁን ጨብጡና ትንሽ ወደ ውስጥ እጠፉት። አንዳንድ ሰው ላይ አንዱ ጅማት ከተፈጥሮው የለም፣ ካላገኛችሁት አትደንግጡ፣ የክንዱን መሃል ለመሃል ያዙ። መኪና ከመነሳቱ በፊት ብትጀምሩ ይሻላል፣ ማስመለስ ከጀመረ በኋላ ያን ያህል አይይዝም፣ ቢያንስ በኔ ቤት እንደዛ ነው ያየሁት።

ሄጉ። አውራ ጣትና ሌባ ጣትን ስትገጥሙ መዳፉ ጀርባ ላይ ስጋው ጉብ ይላል፣ የጉብታው ጫፍ ላይ ጣት አድርጉና እጃችሁን ፍቱት፣ ከዛ ወደ ሌባ ጣቱ አጥንት አዘንብላችሁ ተጫኑ። አጥንቱን ትታችሁ ስጋው ላይ ብቻ ከተጫናችሁ ምንም አይሰማችሁም፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ለራስ ምታት፣ ለጥርስ፣ ለፊት አካባቢ ነው የሚያዘው። ነፍሰ ጡር ግን ይሄንን አትንኪ፣ ከቁርጭምጭሚት ውስጠኛ አጥንት አንድ ጋት ከፍ ብሎ ያለውን ሳንዪንጂያዎ የሚባለውንም አትንኪ፣ ምጥ ያነሳሳሉ ተብሎ በባህሉ የተከለከሉ ናቸው፣ ትክክል ይሁን አይሁን በራስሽ ላይ የምትሞክሪው ነገር አይደለም።

ዙሳንሊ። የእግር ሶስት ሊ ማለት ነው፣ ሊ የቻይና የርቀት መለኪያ ናት፣ ይሄንን የተጫነ የደከመ መንገደኛ ሌላ ሶስት ሊ ይሄዳል ይላሉ። ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ ጉልበታችሁን እጠፉ፣ ከጉልበት ሎሚ በታች በውጭ በኩል ጎድጓዳ ቦታ አለ፣ ከሱ አንድ ጋት ውረዱ፣ ከዛ ከቅልጥሙ አጥንት ጠርዝ አንድ ጣት ወደ ውጭ። ማረጋገጫ አለው፣ የእግር ጣቶቻችሁን ወደ ላይ ስታነሱ ጣታችሁ ስር ጡንቻ ብድግ ካለ ቦታው እሱ ነው። ለሆድ መነፋት፣ ለምግብ አለመፈጨት፣ ለድካም ይጠቀሙበታል። ከሁሉም የምወደው ነጥብ ነው፣ ጠንከር ተደርጎ ቢጫኑት የማይጎዳ፣ የስራ ቦታ ጠረጴዛ ስር ሆኖ የሚሰራ።

ለወገብ ዌይጆንግ አለ፣ ጉልበት ጀርባ እጥፋቱ መሃል። እዚህ ቦታ ትልቅ የደም ስርና ነርቭ ስለሚያልፍ በሃይል አትጫኑ፣ ለስለስ አድርጋችሁ ማሸት ይበቃል፣ ባታችሁ ድንገት ካበጠ፣ ከጋለና ካመመ ደግሞ ጨርሶ አትንኩት፣ የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ጋ ሂዱ። ማጅራት ላይ ፌንግቺ አለ፣ የራስ ቅል ስር ግራና ቀኝ ሁለቱ ጎድጓዶች፣ በሁለት አውራ ጣት ወደ ላይ እየገፋችሁ፣ ስክሪን ላይ ለሚውል ሰው ጥሩ ነው።

ማስጠንቀቂያውን እዚሁ ልጨርስ፦ ደረት ሲያም ኔይጓን እየተጫኑ መጠበቅ የለም፣ አምቡላንስ ነው። ከወገብ ህመም ጋር ሽንት መቆጣጠር ካቃተ፣ ብሽሽት አካባቢ ከደነዘዘ ወይም እግር ከሰነፈ ነጥብ ፍለጋ አይደለም፣ በዛው ቀን ድንገተኛ ክፍል።

መርፌው ጋ ስትሄዱ

መጀመሪያ ቀን ብዙ ትጠየቃላችሁ፣ እንቅልፍ፣ ሽንት፣ ሆድ፣ ላብ፣ ሙቀት ትወዳለህ ወይስ ቅዝቃዜ፣ ለሴት ደግሞ የወር አበባ፣ ምን አገናኘው ብላችሁ አትናደዱ፣ ምርመራቸው እሱ ነው። ምላስ ያያሉ፣ ስለዚህ ቡና ጠጥታችሁ ወይም ምላሳችሁን ፍቃችሁ አትሂዱ፣ መልኩን ይቀይርባቸዋል። የሁለቱንም እጆች የልብ ትርታ በ3 ጣት ይይዛሉ፣ የሚያዳምጡት ፍጥነቱን ብቻ አይደለም፣ ጥልቀቱን፣ ጥንካሬውን፣ ውጥረቱን ሁሉ ነው።

መርፌው እንደምትፈሩት አይደለም። መድኃኒት የሚወጋበት መርፌ ውስጡ ክፍት ስለሆነ ወፈር ይላል፣ የአኩፓንክቸሩ ድፍን ነው፣ የተለመደው ውፍረቱ 0.25 ሚሊ ሜትር አካባቢ፣ ሲገባ ትንሽ ቆንጠጥ ያደርጋል ከዛ ያ ከባድ ስሜት ይመጣል፣ እንደ ኤሌክትሪክ ንዝር ካደረጋችሁ ወይም እያቃጠለ ከቀጠለ ወዲያው ተናገሩ፣ ያስተካክሉታል። ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ተኝታችሁ ትቆያላችሁ፣ ብዙ ሰው እዛው እንቅልፍ ይወስደዋል።

በባዶ ሆድ አትሂዱ። እኔ ሁለተኛው ሴሽን ላይ በአብይ ጾም እስከ 9 ሰዓት ምንም ሳልቀምስ ሄጄ ገና 5 መርፌ ሳይሞላ ላብ በላብ ሆንኩ፣ ዓይኔ ጨለመ፣ ጆሮዬ ጮኸ። መርፌዎቹን ቶሎ ነቅለው እግሬን ከፍ አድርገው ጣፋጭ ሻይ ሰጡኝና አለፈ። የምትጾሙ ከሆነ ቀጠሮውን ጾም ከፈታችሁ በኋላ አድርጉት፣ ረመዳን ላይም እንደዛው ከአፍጥር በኋላ የሚሰራ ቦታ ካለ፣ ከሌለ ወሩ ይለፍ። መጀመሪያ ጊዜ ተኝታችሁ እንጂ ተቀምጣችሁ አትወጉ።

የምትጠይቁት ነገር አለ፣ ማፈርም አያስፈልግም። መርፌው አንዴ ብቻ የሚያገለግል፣ ከነማሸጊያው ፊታችሁ የሚከፈት መሆን አለበት፣ ቀቅለን ነው የምንጠቀመው የሚል ካለ ውጡ፣ በድጋሚ በተጠቀሙበት መርፌ ሄፓታይተስ ቢ የተላለፈባቸው አጋጣሚዎች አሉ። ፈቃዱን ግድግዳ ላይ ፈልጉ። ደም ማቅጠኛ የምትወስዱ ከሆነ፣ ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ፣ ልብ ላይ የተገጠመ ማሽን ካላችሁ ሳይጠይቋችሁ ተናገሩ፣ በተለይ ማሽኑ ላለው ሰው መርፌው ላይ ኤሌክትሪክ ማያያዝ የሚባለው አይደረግም። እቤት አትውጉ ያልኩት ደግሞ በዚህ ምክንያት ነው፦ የትከሻ አናት፣ ደረትና የላይኛው ጀርባ ላይ ከቆዳው ስር ሳንባ ቅርብ ነው፣ ጥቂት ሚሊ ሜትር የበዛ መርፌ ሳንባ በስቶ አየር ሊያስወጣ ይችላል። እምብዛም የሚያጋጥም ነገር አይደለም ግን ያጋጥማል፣ ከሴሽን በኋላ ትንፋሽ ካጠራችሁ ወይም ደረታችሁ ከወጋችሁ ወዲያው ሆስፒታል ሂዱ።

ሀገር ቤት ያላችሁ፣ የቻይና የህክምና ቡድኖች ከ1974 ጀምሮ ወደ ኢትዮጵያ ሲመላለሱ ነው የኖሩት፣ አዲስ አበባ ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል የቻይና ሐኪሞች ስለሚሰሩ መጀመሪያ እዛ ብትጠይቁ ጥሩ ነው።

ይሰራል ወይ

ለህመምና ለማቅለሽለሽ የተወሰነ ነገር ያደርጋል፣ ስኳር፣ ካንሰር፣ ደም ግፊት አድናለሁ የሚል ካለ ግን ገንዘባችሁን ይዛችሁ ውጡ፣ መድኃኒት አቁሙ ካላችሁ ደግሞ በሩጫ ውጡ። ጀርመን ውስጥ ውጤቱ በ2007 የወጣ ጥናት 1162 ሥር የሰደደ የወገብ ህመም ያለባቸውን ሰዎች ወስዶ በ3 ከፈላቸው። ከ6 ወር በኋላ ትክክለኛ አኩፓንክቸር ካገኙት 47.6 በመቶው ተሻላቸው፣ መድኃኒት፣ ፊዚዮቴራፒና ስፖርት ካገኙት 27.4 በመቶው። የሚገርመው ሶስተኛው ቡድን ነው፣ ነጥብ ባልሆነ ቦታ ላይ ላዩን ብቻ የተወጉት 44.2 በመቶ ተሻላቸው። በዚህ ቁጥር ላይ ብዙ አስቤያለሁ። ነጥቡን በጣም ትክክል ማግኘቱ ከሚሉት ያነሰ ነው የሚሰራው ማለት ሊሆን ይችላል፣ መወጋቱ ራሱ፣ ተኝቶ ማረፉ፣ ሰው በትዕግስት ማዳመጡም ድርሻ አላቸው ማለት ነው። በ2012 የወጣ፣ ወደ 18 ሺህ የሚጠጉ ታካሚዎችን መረጃ ያሰባሰበ ጥናትም ትክክለኛው ከማስመሰያው ትንሽ እንደሚበልጥ፣ ምንም ካለማድረግ ደግሞ በደንብ እንደሚበልጥ ነው ያሳየው። እኔ አሁንም ነጥቡን በጥንቃቄ ነው የምፈልገው፣ ግን አንድ ጣት ሳትኩ ብዬ ከእንግዲህ አልጨነቅም።

አሜሪካ ወላጅ ያላችሁ ይቺን ያዙ፦ ሜዲኬር (በተለይ ለአረጋውያን የሆነው የመንግሥት የጤና መድን) ከጥር 2020 ጀምሮ 12 ሳምንትና ከዛ በላይ ለቆየ የወገብ ህመም ይከፍላል፣ በ90 ቀን ውስጥ እስከ 12 ሴሽን፣ ከተሻለው 8 ይጨመራል፣ በዓመት ከ20 አይበልጥም። ለወገብ ብቻ ነው፣ ለጉልበት ወይ ለራስ ምታት አይደለም። ደግሞ ሜዲኬር ለአኩፓንክቸር ባለሙያው በቀጥታ አይከፍልም፣ ቢሉ በሐኪም ወይም በመሳሰሉት በኩል ነው የሚያልፈው፣ ስለዚህ ቀጠሮ ሳትይዙ «ሜዲኬር ቢል የሚያደርግላችሁ ማነው?» ብላችሁ ጠይቁ፣ አለበለዚያ ሙሉው ሂሳብ እናንተ ላይ ይመጣል። ካልተሻለው ክፍያው ስለሚቆም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ መዝግቡ፣ ትንሽ ደብተር ይበቃል፣ ቀን፣ ህመሙ ከ10 ስንት፣ ስንት ደቂቃ መቆም ቻለ፣ ሌሊት ስንቴ ነቃ። እኔ ስጀምር 7 ነበርኩ፣ ስድስተኛው ላይ 4 ደረስኩ፣ ከዛ በኋላ ባሉት አራት ሴሽኖች አልተነቃነቀም፣ ደብተሩን ለባለሙያዋ ሳሳያት እሷው ራሷ በቃ አሁን በወር አንዴ ይሁን፣ የቀረውን በእንቅስቃሴ ጨምርበት አለችኝ።